ዘማች አቤት ሲል

የተከበራችሁ የከላላ የአገር ሽማግሌዎች፣ ሸኾችና ካህናት፣ የወረዳችን ኃላፊዎች፣ ከመካነ ሰላም ድረስ የመጣችሁ መምህራንና ተማሪዎች፤ ከሁሉም በፊት ደግሞ ዘምታችሁ የተመለሳችሁ አባቶቼና ወንድሞቼ፣ የዘማች እናቶችና ባለቤቶች፤

እንድናገርበት የተሰጠኝ ጉዳይ ይህ ነው፦ ለአገሩ የተዋጋ ሰው ቅር ተሰኝቶ አደባባይ ሲወጣ መንግሥት ምን ዕዳ አለበት? ነገሩ ሲነሳ ቶሎ የሚታየን ሰልፉ ነው። የተዘጋው መንገድ ይታየናል፤ ጩኸቱና የተሰለፈው ፖሊስ ይታየናል። እኔ ከዚያ ቀደም ወዳለው ቀን ልመልሳችሁ። የመንግሥት ዕዳ የሚጀምረው ዘማቹ ወረቀቱን ይዞ መጀመሪያ ቢሮ የገባ ቀን ነው። ያን ቀን ስሙ ተመዝግቦ፣ ጉዳዩ ታይቶ፣ ይሆናል ወይም አይሆንም የሚል የተጻፈ መልስ ከነምክንያቱ ቢሰጠው ኖሮ ዛሬ የምንነጋገርባቸው አብዛኞቹ ሰልፎች ባልተደረጉ ነበር። ይህን ስል እንዲያው በስሜት አይደለም፤ ታሪካችን ደጋግሞ ያሳየን ስለሆነ ነው።

ከደጃችን ልጀምር። በላይ ዘለቀ ሲባል ሁላችንም ዐይናችን ወደ ጎጃም፣ ወደ ብቸና ይሄዳል። የተወለደው ግን ከዐባይ ወዲህ፣ በዚሁ በቦረና ምድር፣ ጫቃታ ነው። አምስቱን የጠላት ዓመታት ከጣሊያን ጋር ሲተናነቅ ከረመ። በ1933 ንጉሠ ነገሥቱ ሲመለሱ ደጃዝማችነትና የብቸና ግዛት ተሰጠው። ቅሬታው የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ዱር ያልገቡት፣ እንዲያውም ከጠላት ጋር ያደሩት ከእርሱ በላይ ተሾመው አየ። ይህ ቅሬታ የእርሱ ብቻ አልነበረም፤ በዚያ ዘመን የአርበኛ ሁሉ ቁስል ነበር። ታዲያ አርበኛው ይህን ለማን ይበል? የት ቀርቦ ይከራከር? ያለው መንገድ ደጅ ጥናት ብቻ ነበር። ደጅ መጥናት የማይሆንለት ሰው ደግሞ የሚቀረው ጫካው ነው። በላይ ሸፈተ ተባለ፤ ጦር ዘመተበት፤ ተይዞ ሞት ተፈረደበት፤ ፍርዱ ወደ እስራት ከተለወጠ በኋላ ከእስር አመለጠ፤ እንደገና ተይዞ በጥር 1937 ከልጅ ማሞ ኃይሉ ጋር አዲስ አበባ ላይ ተሰቀለ። ዛሬ በስሙ ጎዳናና ትምህርት ቤት አለን።

ማመፁን ለማጽደቅ አልቆምኩም። መንግሥት የታጠቀ አመፅ ሲገጥመው ዝም ብሎ እንዲያይ የሚጠብቅ ሰው የለም። እኔን የሚያንገበግበኝ ከዚያ በፊት ያለው ጊዜ ነው፤ ቅሬታው ቃል ብቻ በነበረበት፣ ገና ጠመንጃ ባልሆነበት ጊዜ የሚቀበለው ሸንጎ አለመኖሩ። ያ መንግሥት ለአርበኛ ምንም አላደረገም ማለት አይደለም። ለአርበኞች፣ ለስደተኞችና ለወታደሮች መሬት በጋሻ እየለካ ሰጥቷል፤ አንድ ጋሻ ወደ 40 ሄክታር ይጠጋል፤ ትልቅ ስጦታ ነው። ሆኖም ማን ያገኛል፣ ማን ይቀራል የሚለው የሚወሰነው በውለታና በትውውቅ ነበር። በእኔ እምነት ችግሩ ያለው እዚህ ላይ ነው። መንግሥት ለዘማች የሚሰጠውን እንደ ችሮታ ካየው፣ ያላገኘው ሰው የተበደለ ሳይሆን የተጣለ ሆኖ ይሰማዋል። የተጣለ ሰው ደግሞ አቤቱታ አይጽፍም።

ሁለተኛው ትምህርት የመጣው በ1966 ነው፤ ከሌላኛው ቦረና፣ በደቡብ ካለው ከነገሌ። እዚያ የሰፈሩት ወታደሮች ጡረተኞች አልነበሩም፤ በሥራ ላይ ያሉ ናቸው። ቢሆንም ነገሩ ለእኛ ጉዳይ ከሁሉም የቀረበ ነው ብዬ አምናለሁ። በጥር ወር የወታደሮቹ የውኃ ፓምፕ ተበላሸ። ከመኮንኖቹ ጉድጓድ እንቅዳ ቢሉ ተከለከሉ። ምግቡም ከውኃው የተሻለ አልነበረም። መኮንኖቻቸውን ይዘው አቤቱታቸውን ለንጉሠ ነገሥቱ ላኩ። ንጉሠ ነገሥቱ የምድር ጦሩን አዛዥ ሌተና ጄኔራል ደረሰ ዱባለን ላኩላቸው። ወታደሮቹ ጄኔራሉን ይዘው እነሱ የሚበሉትን አበሉት፤ እነሱ የሚጠጡትን አጠጡት።

እስኪ ይህን ነገር ቆም ብለን እናስበው። እነዚያ ወታደሮች ለጄኔራሉ ንግግር አላደረጉም። ያደረጉት ነገር ቢኖር ኑሯቸውን ማቅመስ ነው። ሪፖርት ከጓድ ወደ ሻምበል፣ ከሻምበል ወደ ሻለቃ፣ ከሻለቃ ወደ ብርጌድ ሲወጣ በየደረጃው እየጣፈጠ ሄዶ፣ አዲስ አበባ ሲደርስ ውኃው ንጹሕ፣ ምግቡ የተሟላ ሆኖ ሳይሆን አይቀርም። የላይኛው ሰው እውነቱን ያወቀው በገዛ ምላሱ ነው። አንድ ፓምፕ ማሠራት ለአንድ መንግሥት ምን ያህል ይከብዳል? ነገሩ ተሸፋፍኖ ቀረ፤ በየካቲት ግን በደብረ ዘይት አየር ኃይል፣ በአስመራም ሁለተኛ ክፍለ ጦር ዘንድ ተነሳ። የደመወዝ ጭማሪ ታወጀ፤ የጠቅላይ ሚኒስትር አክሊሉ ሀብተ ወልድ ካቢኔ ለቀቀ፤ ሰኔ 21 ደርግ ተቋቋመ፤ መስከረም 2 ቀን 1967 ዙፋኑ ወደቀ። ዙፋኑ የወደቀው በፓምፕ ብቻ አይደለም። የመሬት ጥያቄው ነበር፤ ተማሪው ነበር፤ የእኛው የወሎ ረሃብና የመሸፋፈኑ ኃጢአትም ነበር። ነገር ግን ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለውን ያላወቀ መንግሥት በመጨረሻ በጭማሪም፣ በሹም ሽርም እሳቱን ማጥፋት አቃተው።

ከዚያ በኋላ ያለውን ብዙዎቻችሁ በሥጋችሁ ታውቁታላችሁ። ለሶማሊያው ወረራ ሚሊሻ ሲጠራ፣ በ1975 ብሔራዊ ውትድርና ሲታወጅ ከዚህ ደጋ ስንቱ ወጣት ሄደ! በ1983 ያ ሁሉ ጦር ሲፈርስ ወደ 450 ሺህ የሚጠጋ ወታደር በአንድ ጊዜ ሜዳ ላይ ቀረ። የወታደር ካፖርት ለብሶ በከተማ ጎዳና የሚለምን ሰው ያን ጊዜ ታየ። አዲሱ መንግሥት የቀድሞ ሠራዊት አባላትንና የጦር ጉዳተኞችን የሚያቋቁም ኮሚሽን በፍጥነት መሠረተ። በየካምፑ አሰባስቦ መዘገባቸው፤ ወደ ትውልድ ቀያቸው አጓጓዛቸው፤ ለገበሬው ስንቅ፣ ዘርና መሣሪያ፣ ለአንዳንዱም በሬ ሰጠ፤ ቀበሌው መሬት እንዲያካፍላቸው አደረገ። እውነቱን ለመናገር ይህ ሥራ አድናቆት ይገባዋል። በድህነት ውስጥ ያለች፣ ከጦርነት ማግስት ያለች አገር ይህን ያህል ሰው ያለ ትልቅ ደም መበተኗ ቀላል ነገር አይደለም። ከተሸነፈው ጦር የመጣውን ሰው አቅፎ የያዘው ከኮሚሽኑም በላይ የገጠሩ ዘመድና ጎረቤት ነበር፤ እርሻውን አካፈለው፤ ልጁን ዳረለት። የጎደለው ክብሩና ጡረታው ነው። ስንት ዓመት ለአገር ማገልገሉን የሚያስረዳ ወረቀት ይዞ፣ የደርግ ወታደር እየተባለ፣ ጡረታዬስ ሲል ያረጀ ሰው ብዙ ነው። በ2013 አገር በሰሜኑ ጦርነት ጭንቅ ውስጥ ስትገባ ግን መንግሥት የቀድሞ ሠራዊት አባላትን እንደገና ጠራ። ብዙዎቹም አቤት ብለው መጡ።

ለንጽጽር ከአገር ወጣ ብለን እንመለስ። በአሜሪካ በ1932 እ.ኤ.አ. የአንደኛው የዓለም ጦርነት ዘማቾች በሺዎች ሆነው ዋሽንግተን ላይ ሰፈሩ። መንግሥት በ1924 ጉርሻ እንደሚከፍላቸው በሕግ ቃል ገብቶ ነበር፤ የሚከፈለው ግን በ1945 ነው ተብሎ ተጽፏል። ድህነቱ የዛሬ፣ ገንዘቡ የዛሬ 13 ዓመት ሆነባቸው። ፕሬዚዳንት ሁቨር ሰፈሩ እንዲለቀቅ አዘዙ፤ ጄኔራል ማክአርተር በፈረሰኛና በታንክ ድንኳናቸውን አስለቀቀ፤ ተቃጠለ። ገንዘቡ በመጨረሻ በ1936 ተከፈለ። በ1944 ደግሞ ለሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘማቾች ትምህርትና የቤት ብድር የሚሰጥ ሕግ አወጡ። ሁለተኛዎቹን ዘማቾች የጠቀማቸው የመጀመሪያዎቹ መገፋት ነው።

ጎረቤታችን ኤርትራ በሐምሌ 1986 ያየችው ከዚህ የከፋ ነው። በማይ ሓባር የነበሩ የጦር አካል ጉዳተኞች ችግራቸውን ለመንግሥታቸው ለመንገር ወደ አስመራ ሲነሱ ጥይት ተተኮሰባቸው፤ የሞቱም አሉ። ለአገሩ ሲዋጋ እግሩን ያጣ ሰው በራሱ ወገን ጥይት መሞቱን ከመናገር ሌላ ምን ይባላል።

የዚምባብዌው ታሪክ በሌላ አቅጣጫ ያስተምራል፤ እኛ አገር ብዙ ስለማይነገር ሰፋ አድርጌ ላንሳው። እዚያ ለነጻነት ታጋዮች የካሳ ፈንድ ነበረ። ሹማምንት እጃቸውን አስገብተው መዘበሩትና በ1997 እ.ኤ.አ. ክፍያው ተቋረጠ። ዘማቾቹ ተሰልፈው ወጡ፤ ፕሬዚዳንት ሙጋቤ በጀግኖች ቀን ሲናገሩ ሳይቀር አቋረጧቸው። ፕሬዚዳንቱ ደነገጡ። ወደ 50 ሺህ ለሚጠጉ ዘማቾች ለእያንዳንዳቸው 50 ሺህ የዚምባብዌ ዶላር፣ በየወሩም 2 ሺህ እንደሚከፈል ቃል ገቡ። በጀት ግን አልነበረም። ኅዳር ላይ በአንድ ቀን ውስጥ የአገሪቱ ገንዘብ ተንኮታኮተ። ጡረተኛው የተቀበለው ብር በእጁ ላይ ቀለለ፤ ያልዘመተው ደሃም አብሮ ከሰረ። ይህን የማነሳው ሰልፍ የወጣ ዘማች ሲታይ ደንግጦ ገንዘብ መበተንም ኃላፊነት አለመሆኑን ለማሳየት ነው። ጥይት የፈራ መንግሥት መልስ ነው፤ ያልተቆጠረ ብርም የፈራ መንግሥት መልስ ነው። ሙጋቤ በጊዜው ሊያደርጉ የሚገባው ፈንዱን የዘረፈውን ሰው መጠየቅና የተጎዳውን በዝርዝር እየለዩ በአቅም መክፈል ነበር።

አሁን ወደ ራሳችን ዘመን እንምጣ። መስከረም 30 ቀን 2011 ከሁለት መቶ በላይ ወታደሮች መሣሪያቸውን እንደያዙ ወደ ቤተ መንግሥት ሄደው የደመወዝ ጭማሪ ጠየቁ። ጠቅላይ ሚኒስትሩ አነጋገሯቸው፤ ፑሽ አፕ ሲሠሩ በቴሌቪዥን አየን፤ አገር እፎይ አለ። በኋላ ድርጊቱ ለውጡን ለማደናቀፍ የታሰበ መሆኑ በመንግሥት ተነገረ፤ ከመካከላቸውም በጦር ፍርድ ቤት የተፈረደባቸው አሉ። መሣሪያ ይዞ ቤተ መንግሥት መግባት አቤቱታ አይባልም፤ በየትኛውም ጦር ያስጠይቃል። የደመወዙ ጥያቄ ግን ከጥፋተኞቹ ጋር አብሮ መታሰር የለበትም። ውሻ በቀደደው ጅብ ይገባል ይላል የአገራችን ሰው። ክፉ ያሰበ ሰው በዚያ ቢገባ እንኳ ቀዳዳውን የተወው ማን ነው ብሎ መጠየቅ የመንግሥት ሥራ ነው።

በመጋቢት መጨረሻ 2015 ክልሎች ያቋቋሟቸው ልዩ ኃይሎች እንዲፈርሱ ሲወሰን በክልላችን የሆነውን እዚህ ያለ ሰው ሁሉ ያስታውሰዋል። አባላቱ ወደ መከላከያ፣ ወደ ፌዴራል ፖሊስ ወይም ወደ ክልል ፖሊስ እንዲገቡ አማራጭ ተሰጠ። ነገር ግን ከሰሜኑ ጦርነት ገና የወጡ ልጆች ስለ ነገ ብዙ ጥያቄ ነበራቸው፦ ደመወዜስ? የት እመደባለሁ? የቆሰልኩበትስ? በብዙ ከተሞች ተቃውሞ ተነሳ፤ ውሳኔው እንደማይቀለበስ ተነገረ። ሐምሌ 28 ቀን 2015 በክልሉ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ ከዚያ ወዲህ የከፈልነውን በየቤታችን እናውቀዋለን። የዚህ ግጭት ምክንያት ብዙ ነው፤ በአንድ ነገር ላይ ልጥለው አልችልም። ሆኖም አንድ ኃይል ይፍረስ ብሎ መወሰን የመንግሥት ሥልጣን የሆነውን ያህል፣ ከውሳኔው በፊት እያንዳንዱን የዘመተ ልጅ አስቀምጦ ጥያቄውን መመለስም የመንግሥት ግዴታ ነበር። ውሳኔ ሲቸኩል ማብራሪያ ይዘገያል፤ በመካከሉ ያለውን ባዶ ቦታ ወሬ ይሞላዋል።

በትግራይም ያለው ከዚህ ተለይቶ አይታይ። የሰሜኑን ጦርነት ካስቆመው ከፕሪቶሪያው ስምምነት በኋላ በ2015 የተቋቋመው ብሔራዊ የተሐድሶ ኮሚሽን በመላ አገሪቱ ከ370 ሺህ በላይ የቀድሞ ተዋጊዎችን ለማቋቋም አቅዶ፣ በትግራይ ሥራውን የጀመረው በኅዳር 2017 ነው። በጥቅምት 2018 የትግራይ ኃይሎች አባላት መቀሌ ዙሪያ መንገድ ዘግተው ክፍያቸውን ጠየቁ። ትናንት በተቃራኒ ምሽግ ነበሩ፤ ልጆቻችን በእነሱ ጥይት ወድቀዋል፤ የእነሱም በእኛ። ያንን አልረሳም፤ የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። ነገር ግን እግሩ የተቆረጠ ሰው መድኃኒት ሲጠይቅ ከየትኛው ወገን ነህ ተብሎ የሚጠየቅባት አገር ነገ የእኛንም ልጅ እንዲሁ ትጠይቀዋለች።

ሕጉስ ምን ይላል? የኢፌዴሪ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 30 መሣሪያ ሳይያዝ በሰላም የመሰብሰብን፣ የመሰለፍንና አቤቱታ የማቅረብን መብት በአንድነት ያስቀምጣል። የሰላማዊ ሰልፍ አዋጅ ቁጥር 3/1983 የሚጠይቀው ከ48 ሰዓት በፊት በጽሑፍ ማሳወቅን ነው። አስተዳደሩ ቦታው ወይም ሰዓቱ ይቀየር ካለ ምክንያቱን በጽሑፍ መስጠት አለበት። ስለዚህ የወረዳ ኃላፊዎቻችን፣ የተሰለፈ ዘማች ስታዩ ሕግ የጣሰ ሰው አድርጋችሁ አትጀምሩ። አንቀጽ 41 ደግሞ መንግሥት የአገር አቅም በፈቀደ መጠን አካል ጉዳተኞችን፣ አረጋውያንንና ወላጅ የሌላቸውን ሕፃናት እንዲያቋቁምና እንዲረዳ ያዛል። የጦር ጉዳተኛና የሟች ልጅ በዚህ ውስጥ ካልተካተቱ ማን ሊካተት ነው?

የጡረታው ጉዳይ ግን ትልቅ ክፍተት አለበት። የመንግሥት ሠራተኞች ጡረታ አዋጅ ቁጥር 1267/2014 የመደበኛ ሠራዊቱን አባል ያቅፋል። ከእርሻው ተነስቶ የዘመተው ሚሊሻ ግን በደመወዝ መዝገብ ላይ የለም፤ መዋጮም አልተቆረጠለትም። በ2014 ደሴና ኮምቦልቻ ሲያዙ፣ ክተት ሲባል፣ የራሱን ስንቅ ይዞ የወጣው ይህ ሰው ነው። ቆስሎ ሲመለስ በየትኛው አንቀጽ ይታከማል? ሲሞት ሚስቱ በየትኛው ትረዳለች?

እዚህ አካባቢ አንድ ዘማች ወረቀቶቹን አሳይቶኛል። በፌስታል ጠቅልሎ፣ ፌስታሉን በጨርቅ አስሮ፣ ከቡናው ሳጥን ሥር ያስቀምጣቸዋል። የስንብቱ ወረቀት አራት ቦታ ታጥፎ እጥፋቱ ተቀዷል፤ ማኅተሙ ደብዝዞ ክቡ ብቻ ቀርቷል። የሕክምና ቦርድ ውጤት አለው። ከእነዚህ በላይ የበዛው ግን የመሸኛ ደብዳቤ ነው፤ አንዱ ቢሮ ለሌላው ቢሮ የጻፈለት። ቀበሌው ለወረዳ፣ ወረዳው ለዞን፣ ዞኑ ለክልል ይመለከተዋል ብሎ ሸኝቶታል። እምቢ ያለው የለም። እሺ ያለውም የለም። ደብዳቤዎቹን አንድ በአንድ እያነሳ ሲያሳየኝ የእያንዳንዱን ቀን በቃሉ ያውቀው ነበር፤ የትኛውን ደብዳቤ ለማምጣት ስንት በግ እንደሸጠም ጭምር።

ሌላው የመንግሥት ዕዳ መርዶ ነው። ልጇ ከሄደ ወዲህ ድምፁ የጠፋባት እናት በዚህ ደጋ ስንት ናት? መርዶ ካልተነገራት ሰደቃ ታውጣ ወይስ ዱዓ እያደረገች ትጠብቅ? ክርስቲያኗ ተዝካር ታውጣ ወይስ ስለት ትሳል? ሚስቱስ ዒዳዋን፣ የመቆያ ጊዜዋን፣ ከየትኛው ቀን ትቁጠር? የመሬት ደብተሩ በስሙ ነው፤ ሞቱ ካልታወቀ ውርስ የለም፤ ካልመጣም አራሽ የለም። መርዶ መንገር ገንዘብ የማይጠይቅ ዕዳ ነው። ወረቀትና ወደ ቤቱ የሚሄድ አንድ ኃላፊ ነው የሚፈልገው። በትግራይ መርዶው በይፋ የተነገረው ጦርነቱ ካበቃ ወደ አንድ ዓመት ገደማ ቆይቶ፣ በጥቅምት 2016 ነው፤ ዘግይቷል፤ ግን ተነግሯል፤ ሕዝቡም ሐዘኑን ተቀመጠ።

ለኃላፊዎቻችን ጠንከር አድርጌ የምናገረው አሁን ነው። ይህ የፌዴራል ጉዳይ ነው፣ ይህ የክልል ነው የምትሉት ልክ ሊሆን ይችላል፤ በጀቱ እዚህ የለም። ግን ያ ልጅ ሲዘምት ስሙን የጻፈው ማን ነው? ቀበሌው ነው። የመኪናውን ሰዓት የነገረው፣ ከበሮ ያስመታለት፣ ፎክር ያለው ቀበሌው ነው። ሲሄድ የሚያውቀው ቀበሌ ሲመለስ አላውቅህም ሊለው አይችልም። ስለዚህ ከላላ ከአዲስ አበባ መመሪያ ሳትጠብቅ ማድረግ የምትችለው አለ። በየቀበሌው መዝገብ ይከፈት፤ በየትኛውም ዘመን፣ በየትኛውም መንግሥት የዘመተ፣ የቆሰለ፣ የጠፋ፣ የሞተ ይጻፍበት፤ ሲጻፍም ሽማግሌና ዘማቾቹ ራሳቸው ይቀመጡ፤ ያልዘመተ ስም እንዳይገባ ከእነሱ የተሻለ ጠባቂ የለምና። አቤቱታ ያመጣ ሁሉ ቁጥርና ቀን ያለው ደረሰኝ ይያዝ። ወረዳው የማይችለውን ወደ ላይ ሲልክ ሰውየውን በደብዳቤ አይሸኝ፤ ራሱ ልኮ፣ ራሱ ተከታትሎ መልሱን ያምጣ። መልሱ አይሆንም ከሆነም አይሆንም ተብሎ ይጻፍ፤ ሰውየው ይግባኝ የሚልበትን ይወቅ፤ እስከ ሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም ድረስ ይዞት ይሂድ። ገንዘብ ከሌለ የለም በሉት። ዘማች ድህነት ያውቃል፤ አገሩ ደሃ መሆኗንም ከማናችንም በላይ ያውቃል። የሚያቆስለው መታለሉ ነው።

ለዘማቾችም አንድ ቃል አለኝ። ጥያቄያችሁን በጽሑፍ፣ በወኪል፣ በቀን አስሩት። ከመካነ ሰላም የመጣችሁ የሕግና የአስተዳደር ተማሪዎች ደግሞ ብዕራችሁን ይዛችሁ ለእነዚህ አባቶች ማመልከቻ ጻፉላቸው፤ የደበዘዘውን ወረቀት ፎቶ አንስታችሁ አስቀምጡላቸው።

ንግግሬን እዚህ ላቁም። የወረዳው አስተዳደር ተወካዮች ከፊታችን ተቀምጠዋል፤ መዝገቡ መቼ ይከፈታል የሚለውን ቀን ጠርተው እንዲነግሩን እጠይቃለሁ። ከዚያ በፊት ግን ድምፅ ማጉያውን ለአባቶች እንስጥ፤ እጃቸውን አስቀድመው ያነሱ አሉ።